ሐኪሙን ትተን የሄድን ዕለት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ መቀመጫ ባዶ የለስላሳ ሣጥን ነበር። የማይክሮፎኑ ገመድ በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ራሱ ላይ ትንፋሽ እንዳይነፋበት የሕፃን ካልሲ አልብሰውታል። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት አቶ ደምሴ ሣጥኑን በእግሩ ወደ ቴሌቪዥኑ ገፋ አደረገና፣ «እዚህ ቁጭ በይ። እነሱ በፈረንሳይኛ ሲያወሩ አንቺ በአማርኛ ታወሪያለሽ። ሌላ ነገር የለውም» አለኝ።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ አቶ ደምሴን «እርስዎ» ስል ኖሬያለሁ። እዚህ ግን «እሱ» እለዋለሁ። ዕድሜዬም ይፈቅድልኛል፣ ሥራውም ይፈቅድልኛል።

ቤቱ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየር 2 የሚባል ሰፈር ውስጥ ነበር። አርባ ሰው የሚይዙ አግዳሚ ወንበሮች፣ ሁለት የጣሪያ ማራገቢያ፣ አንድ ክሊም የምንለው አየር ማቀዝቀዣ ነበረው። ክሊሙና የድምፅ ማጉያው አብረው ከሠሩ ቆጣሪው ይዘላል። ስለዚህ እኔ ስናገር ክሊሙ ይጠፋል። በሐምሌ ሙቀት እኔ አፌን በከፈትኩ ቁጥር አርባ ሰው ያልበዋል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሾፌር ከኋላ ወንበር ሆኖ፣ «እትዬ፣ አጠር አድርጊው፣ ቀለጥን!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አጠር ማድረግን የተማርኩት ከዚያ ሰውዬ ነው፤ ከአቶ ደምሴ የተማርኩት ነገር የለም።

ደንበኞቻችን ከአዲስ አበባ የሚመጡ የተሳቢ ሾፌሮች ነበሩ። መኪናቸውን ከከተማ ወጣ ብሎ ፒኬ 12 የሚባለው ማቆሚያ አቁመው የወደብ ተራ ይጠብቃሉ። ተራው ሁለት ቀንም ይፈጃል፣ አሥር ቀንም ይፈጃል። ሽርጥ አገልድመው በሚኒባስ ከተማ ይገባሉ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ይፈልጋሉ። ሱማሌኛ የሚችሉ ነበሩ፤ ዓረብኛ የሚሞክሩም ነበሩ። ፈረንሳይኛ የሚችል ግን አልነበረም።

እኔ የተወለድኩት እዚሁ ጅቡቲ ነው። አባቴ በአሮጌው ባቡር ፍሬን ያዥ ነበር። ፈረንሳይኛን ከትምህርት ቤት፣ አማርኛን ከቤት አገኘሁ። ወደ ቪዲዮ ቤቱ ከመግባቴ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ትራንዚት ቢሮ ታይፒስት ነበርኩ። ኮምፒውተር ሲገባ እኔ ወጣሁ። ስለ ባሌ እዚህ የምጽፈው የለኝም።

ሥራው እንዲህ ነበር። ጠዋት ቤቱ ሳይከፈት ሲዲውን ብቻዬን አያለሁ። የሰዎቹን ስምና ማን የማን ምን እንደሆነ በደብተር እጽፋለሁ። ለብ ባለ የጨው ውኃ ጉሮሮዬን አጥባለሁ። ቤቱ ሲሞላ ማይኩን ይዤ፣ ሰውዬው ተናግሮ አፉን ሳይዘጋ የእሱን ንግግር ጨርሼ አፌን እዘጋለሁ። ድምፅ አልቀያይርም። ሴቲቱ ስታለቅስ አላለቅስም። አንዳንድ ተርጓሚዎች ይህን ያደርጉ ነበር፤ እኔ አልወደውም። ሰው የሚያለቅሰውን ሴት በዓይኑ ያያታል፤ ከእኔ የሚፈልገው ምን እንዳለች ብቻ ነው።

በማዕረግ ከሁሉም በታች ነበርኩ። ከላይ አቶ ደምሴ፣ ቀጥሎ ብርሃኑ። ብርሃኑ ገንዘብ ተቀባይም ማሽን ያዥም ነበር፤ ሲዲ የሚያስገባና የሚያወጣው እሱ ነው። በሚሽከረከር ወንበር ላይ ይቀመጣል። እኔ ከሣጥኑ ላይ ተነሥቼ ወንበር እስካገኝ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፣ እሱንም ሾፌሮቹ ናቸው የጠየቁልኝ። ካሳሁን የሚባል አንድ ነባር ሾፌር፣ «አቶ ደምሴ፣ እኛ ለስድስት ሰዓት መንገድ ስፖንጅ እናነጥፋለን፤ ይቺ ሴትዮ ሙሉ ቀን ጣውላ ላይ ትቀመጥ?» አለው። በማግሥቱ ባለ መደገፊያ ወንበር መጣልኝ።

ካሳሁን በመንገዱ ላይ ሃያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው ነበር። ትንንሾቹ ሾፌሮች ጋሼ ይሉታል። ብዙ አያወራም። ሲያወራ ግን ሌላው ዝም ይላል።

ቤቱን ያቆመው አንድ ተከታታይ ድራማ ነው። የራሱን ስም ማንም አይጠራውም ነበር፤ እኛ «ድልድዩ» እንለው ነበር። ጎርፍ ድልድይዋን የበጠሰባት አንዲት ትንሽ ከተማ ናት። ከወንዙ ወዲያ ማዶ መሄድ የለም፣ መምጣት የለም። ሰዉ የተያዘ ነው። ሾፌሮቹ ይህን ለመረዳት ተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

ለሰዎቹ ሁሉ እነሱ ናቸው ስም ያወጡላቸው። ጀልባ የምትነዳዋን ሴት «ሾፌሯ» አሏት። ባለ ትልቅ ጺሙን የድልድይ ዘበኛ «ባላምባራስ» አሉት። የክሊኒኩን ሰውዬ ዝም ብለው «ሐኪሙ» አሉት። አንዱ ሾፌር ስለ ሾፌሯ፣ «ይቺን ለጋላፊ መንገድ ቢሰጡን እኮ እኛ ረዳት እንሆናት ነበር» ሲል፣ ሌላው «አንተን ረዳት ከምታደርግ ጀልባዋን ታሰጥም» ይለው ነበር።

አሁን ወደ ሲዲው ልምጣ።

የድራማው ሁለተኛ ዓመት ሰባተኛ ክፍል ነበር። ብርሃኑ ሻይ ሲጠጣ ዝንብ እንዳይገባበት ብርጭቆውን በሲዲ የመክደን ልማድ ነበረው። ባዶ ሲዲ ሞልቶ፣ የዚያን ዕለት የከደነው በዚያ በሰባተኛው ክፍል ነው። እንፋሎቱን ሲያይ በሸሚዙ ጠረገው። ከምሲን የሚባለው የአሸዋ ነፋስ የሚነፍስበት ሰሞን ነበር፣ ሸሚዙ አሸዋ ይዞ ነበር። እኔ በዚያ ጠዋት አሞኝ አርፍጄ ስለ መጣሁ ክፍሉን አስቀድሜ አላየሁትም። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ እጽፈዋለሁ።

ቤቱ ሞልቷል። ሰባት ደቂቃ ያህል እንደ ሄደ ድምፁ ጠፋ። ምስሉ ይቆማል፣ ይዘላል፣ ይቆማል። ሐኪሙ በጎርፉ መሐል ከአንድ ጀልባ አጠገብ ቆሟል። በእጁ ሣጥን አለ። ጀልባው ላይ ከላይኛው መንደር የመጡ ሽፍቶች አሉ። ሣጥኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ታየና ቆመ።

ወደ ብርሃኑ ዞርኩ። እሱ ወደ ጣሪያው አየ። አቶ ደምሴ ከኋላዬ መጥቶ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ተናገሪ።»

«ድምፅ የለውም። ምን እንደሚሉ አላውቅም» አልኩት።

«ምስሉ ነው የቆመው፣ አፍሽ አልቆመም። ሾፌር ምን ያውቃል? ሙይው።»

ሞላሁት። ሐኪሙ የክሊኒኩን መድኃኒት ለሽፍቶቹ ሸጦ በጀልባቸው ላይ ቦታ እንደ ገዛ ተናገርኩ። ያየሁት ምስል ያንን ይመስል ነበር። ሾፌሮቹ ጮኹ። አንዱ ጫማውን አውልቆ ቴሌቪዥኑ ላይ ሊወረውር ሲል ያዙት። ካሳሁን ብቻ አልጮኸም። «እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አለ» አለ።

በስምንተኛው ክፍል ሐኪሙ ወደ ከተማው ተመልሶ ሰው ሁሉ ያቅፈዋል። ይህ ለእኔ አልተመቸኝም። «ይቅር አሉት» ብዬ አለፍኩ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ብዙ አይታይም ነበርና ነገሩ በዚያው ቀረ። ያልተጫረ ሲዲ የፈለገ የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ዓመታት አለፉ። ሲዲ ቀረ፣ ሰዉ ድራማውን በስልኩ ማየት ጀመረ። አቶ ደምሴ አግዳሚ ወንበሮቹን ግማሽ አስወጥቶ ቤቱን ጌም ቤት አደረገው። ኳስ ጌም ለሚጫወት ሰው ተርጓሚ አያስፈልግም፤ ጎል በየትኛውም ቋንቋ ጎል ነው። ወንበሬን ጥግ አድርጌ የሰው ጫጫታ ስሰማ እውል ነበር። ሊያሰናብተኝ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር።

ያን ጊዜ ነው «ድልድዩ» በጌም የመጣው። ከፈረንሳይ ለዕረፍት የመጣ አንድ የአቶ ደምሴ ዘመድ ማሽኑ ላይ ጭኖለት ሄደ። አቶ ደምሴ ዛሬ እዚሁ ጅቡቲ ሜኔሊክ አደባባይ ካፌ ተቀምጦ፣ ጌም በአማርኛ የማስተርጎም ሐሳብ የእሱ እንደነበረ ያወራል። ባለፈው ዓመት በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። የሆነው እንዲህ ነው። ጌሙን ከፍቶ አየና፣ «ይሄማ ወሬ ብቻ ነው፣ ማን ይጫወተዋል?» ብሎ ሊያጠፋው ሲል፣ «ወሬውን እኔ እነግራቸዋለሁ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ጌሙም እንደ ድራማው በክፍል በክፍል ነበር፤ አምስት ክፍል ነበረው። በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ አንዱ ካለቀ በኋላ ሌላው በኢንተርኔት ይወርዳል። ሁለተኛው ክፍል በእኛ መስመር አራት ቀን ፈጀ። ተጫዋቹ አዲስ ሰው ነው። ዕቃ ጭኖ መጥቶ ድልድዩ ተበጥሶ የጠበቀው መንገደኛ ነው። ሾፌሯን፣ ባላምባራስን፣ ሐኪሙን እየተዋወቀ ይሄዳል። መተኮስ ብዙ የለውም። ሰው ያናግርሃል፣ አራት መልስ ይመጣል፣ ከሥሩ ነጭ መስመር እያጠረ ይሄዳል። መስመሩ ሳያልቅ አንዱን ትመርጣለህ። የመረጥከውን ማሽኑ ያስቀምጠዋል፤ በሚቀጥለው ክፍል ይመጣብሃል።

ጆይስቲኩን ማን ይያዝ ሲባል በክብሪት እንጨት ዕጣ ተጣለ። ለካሳሁን ደረሰው። «እኔ ከመሪ ሌላ ይዤ አላውቅም» ቢልም አልተዉትም። የቤቱ ደንብ በዚያው ተቆረጠ። የያዘ ይወስናል። የቀረው መጮኽ ይችላል፣ መንካት አይችልም። ካሳሁን መንገድ ላይ ሲሆን ጌሙ ይዘጋል፣ ሲመለስ ይከፈታል። እሱ በሌለበት ማንም አይነካውም።

አንድ ደንብ ደግሞ እኔ ጨመርኩ። በመጀመሪያው ምርጫ ላይ ካሳሁን ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«እኔ አነባለሁ። ምክር አልሰጥም» አልኩት።

«እንደ ትራፊክ ምልክት ማለት ነው» አለ አንዱ።

«እሷስ ትሻላለች፣ ምልክቱ በአቧራ ይሸፈናል» አለ ሌላው።

አራቱን መልስ ለማንበብ መላ አበጀሁ። ሙሉውን ካነበብኩ መስመሩ ያልቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን ወደ አንድ ቃል አወረድኩት። «ላይ፣ እመን። ታች፣ ካድ። ቀኝ፣ ጠይቅ። ግራ፣ ዝም።» ካሳሁን ጣቱን ያሳርፋል። ይህን አሠራር ማንም አላስተማረኝም። ክፍሎቹን እንደ ድሮው አስቀድሜ አላያቸውም ነበር፤ ካሳሁን ሳይጫወት የሚመጣውን ማንም ማወቅ አይችልም። ከእነሱ ጋር እኩል ነበር የማየው።

ቤቱ እንደገና ሞላ። ካሳሁን ከናዝሬት ስልክ ደውሎ፣ «ዕቃ አራግፌያለሁ፣ ሐሙስ እገባለሁ» ሲል ሐሙስ ወንበር አይገኝም። አቶ ደምሴ ወንበሬን ወደ መሐል ያስጠጋልኝ ጀመር።

በሁለተኛው ክፍል ላይ አንዲት ልጅ ሐኪሙን ታናግረዋለች። ያለችው እንዲህ ነው፦ «መድኃኒቱን ከሽፍቶቹ እጅ አስመልሰህ፣ በራስህ ተሸክመህ በውኃው ውስጥ ያመጣህባትን ቀን አልረሳናትም።»

ይህን ሳነብ የተጫረው ሲዲ ትዝ አለኝ። ያ ሣጥን ከሐኪሙ እጅ ወደ ሽፍቶቹ ሳይሆን ከሽፍቶቹ ወደ ሐኪሙ ነበር የተሻገረው። ማይኩን ይዤ ያልኩት ግን፣ «ያችን ቀን አልረሳናትም» ብቻ ነው። ክሊሙ ጠፍቶ ነበር፣ ሰው ያልበው ነበር። አጠር አደረግሁት ማለት እችላለሁ። ካሳሁን ራሱን ነቀነቀና፣ «ልጅቷም ቂም ይዛለች» አለ።

የሚቀጥለውን ንግግር አነበብኩ።

አራተኛው ክፍል ሲመጣ ውኃው ሌላውን ግማሽ ከተማ ይዟል። ሾፌሯ ጀልባዋን አስነሥታለች። መንገደኛውና ባላምባራስ ተሳፍረዋል። ሐኪሙ አልደረሰም፤ ክሊኒኩ ውስጥ ነው። ሾፌሯ ወደ መንገደኛው ዞራ፣ «ምን እናድርግ?» አለች። አራቱ መልስ መጣ።

«ላይ፣ ጠብቅ» አልኩ። «ታች፣ ሂድ። ቀኝ፣ ጥራው። ግራ፣ ዝም።»

መስመሩ ማጠር ጀመረ።

«ጋሼ፣ ተወው! ቦታ በመድኃኒት የሚገዛ ነው!» አለ ከኋላ አንዱ። «እንዲህ ያለውን ዓሣ ይጠብቀው!» አለ ሌላው። ካሳሁን ቸኩሎ አያውቅም። ጣቱን በቁልፎቹ ላይ እንዳንዣበበ ወደ እኔ አየ። አልጠየቀኝም። ደንቡን ያውቃል። 

መስመሩ ግማሽ ደርሶ ነበር። «አልሸጠም» ማለት አንድ ቃል ነው። ጊዜ ነበረኝ። አልተናገርኩም። ተርጓሚ ምክር አይሰጥም ብዬ ነበር ለራሴ፤ እውነቱ ግን ወንበሬን ፈርቼ ነው።

ካሳሁን ታች ተጫነ። ጀልባዋ ሄደች። ክሊኒኩ በር ላይ አንድ ሰው ሲሮጥ በሩቅ ታየ። ቤቱ አጨበጨበ።

አምስተኛው ክፍል ለመውረድ ከሳምንት በላይ ፈጀ። ካሳሁን አንድ ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። ያን ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ሰው ቆሞ ነበር።

በዚያ ክፍል ባላምባራስ በብረት ተወጋ። መንገደኛው ቁስሉን በእጁ ይዞ ይጣራል፣ የሚመጣ ሰው የለም። ባላምባራስ በእቅፉ ሞተ። አርባ ሾፌር ትንፋሹን ዋጠ። ከመካከላቸው አንዱ ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ ሲጠርግ አይቻለሁ፤ ስሙን አልጽፍም፣ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው።

ከዚያ ሾፌሯ ተናገረች። ንግግሩ ረጅም ነበር፣ ማሳጠርም ይቻል ነበር። አላሳጠርኩትም። «መድኃኒቱን ከሽፍቶች እጅ አስመልሶ፣ በራሱ ተሸክሞ ያመጣልንን ሰው ትተነው መጣን። ዛሬ እሱ ቢኖር ይህ ሰው አይሞትም ነበር።»

ካሳሁን ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ምን አልሽ? ድገሚልኝ።»

ደገምኩት።

«ሐኪሙ መድኃኒቱን ሸጦ አልነበረም እንዴ?»

«አልሸጠም።»

«ሸጠ ያለው ማን ነው ታዲያ?»

«እኔ ነኝ።»

ብርሃኑ ከሚሽከረከረው ወንበሩ ላይ ሳቀ። «ሲዲው ተጭሮ ነበር እኮ! ከሆዷ አውጥታ ነው የሞላችው። እናንተ እስከ ዛሬ አምናችሁ!» ስለ ሻይ ብርጭቆው አንድም ቃል አልተነፈሰም። ወደ አቶ ደምሴ ዞርኩ። በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላዘዝኩም። በቤቴ ውሸት አይነገርም» አለ።  ያኔ ያልመለስኩለትን ነው አሁን የምጽፈው፦ አዝዟል፤ ሲያዝዝ አፉ ቁርንፉድ ቁርንፉድ ይሸት ነበር።

ካሳሁን አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ «ባላምባራስን በከንቱ ገደልነው» ብሎ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። በማግሥቱ በዚያ ማሽን ላይ የኳስ ጌም ተከፈተ። ወንበሬ ከብርሃኑ ጀርባ ዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። እኔ ሣጥኑ ላይ ነበርኩ።

አንድ ዓርብ ቤቱ ዝግ በሆነበት ጠዋት፣ ለጽዳት በያዝኩት ቁልፍ ገባሁ። በሕይወቴ ጆይስቲክ ይዤ አላውቅም ነበር። ማሽኑ የተጫወቱትን የሚያስቀምጥበት ሦስት ቦታ ነበረው። የካሳሁንን ሳልነካ ወደ ሁለተኛው ገልብጬ፣ አራተኛውን ክፍል ከመጀመሪያው አስጀመርኩ።

መንገደኛው በእኔ እጅ ለብዙ ጊዜ ግድግዳ ሲገፋ ቆየ። ቀጥሎ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ መውጣት አቃተው። ዓመታት ሙሉ ለሰው ሳነብለት ኖሬያለሁ፤ የማነበው ሁሉ በጣት የሚሠራ መሆኑን ግን ያኔ ነው ያየሁት። ጀልባዋ ጋ ስደርስ ላብ በአገጬ ይወርድ ነበር። ክሊሙ ግን ክፍት ነበር።

«ጠብቅ» የሚለውን ተጫንኩ። ሐኪሙ ደረሰና ተሳፈረ። አምስተኛውን ክፍል ቀጠልኩ። ባላምባራስ ተወጋ። ሐኪሙ ተንበረከከ፣ ቦርሳውን ከፈተ፣ ሰፋው። ባላምባራስ ጥቂት ቆይቶ በሐኪሙ እጅ ላይ ሞተ። ሾፌሯም፣ «የሚቻለውን አድርገሃል» አለችው።

ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ሁለቴም ሞተ።

ካሳሁን በሚቀጥለው ጉዞው ከተማ ሲገባ በር ላይ ጠበቅሁት። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ሐኪሙን ብንጠብቀውም ባላምባራስ ይሞት ነበር አልኩት። ቀዝቀዝ ብሎ ሰማኝ።

«አሁንስ እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አለኝ።



በማግሥቱ ካሳሁን ሐሰን የሚባል የወደብ ትራንዚተር ይዞ መጣ። ሐሰን የጅቡቲ ልጅ ነው፤ ፈረንሳይኛውም አማርኛውም የተሟላ ነበር። ካሳሁን ለአቶ ደምሴ፣ «ማሽኑን ለዛሬ እፈልገዋለሁ» አለው። አቶ ደምሴ ሰዉ ተከትሎ ሲገባ አየና እሺ አለ። ካሳሁን ወንበሬን ከብርሃኑ ጀርባ አውጥቶ ከማሽኑ ፊት አደረገና ሐሰንን አስቀመጠበት። ለእኔ ማይኩን ሰጠኝ። ሣጥኑ ላይ ተቀመጥኩ።

«አንቺ አንብቢ። እሱ ይሰማል። ያልሆነ ነገር ካለ እጁን ያነሣል» አለ።

«ሐሰን፣ ዳኛ ሆንክ ማለት ነው» አለ አንዱ ሾፌር።

«የወደብ ሰነድ የምታይበት መነጽር ካለህ አድርገው» አለ ሌላው። አልሳቅሁም።

ካሳሁን አራተኛውን ክፍል ከፈተ። አነበብኩ። ሐሰን ከእያንዳንዱ ንግግር በኋላ፣ «ልክ ነው» ይላል። አሥራ ሁለት ዓመት በሠራሁበት ቤት፣ በገዛ ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሰው ልክ ነው እያለኝ አነበብኩ። ጀልባዋ ጋ ደረስን። «ላይ፣ ጠብቅ። ታች፣ ሂድ። ቀኝ፣ ጥራው። ግራ፣ ዝም።» ሐሰን፣ «ልክ ነው» አለ። ካሳሁን ላይ ተጫነ። ሐኪሙ ተሳፈረ። በዚህ ጊዜ ያጨበጨበ የለም።

አምስተኛው ክፍል መሐል ላይ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነበር። በጅቡቲ ሰባት ሰዓት ምን እንደሆነ የሚኖርበት ያውቃል፤ ጫት የሚገባበት ሰዓት ነው። ሐሰን አንድ ጊዜ ሰዓቱን አየ፣ ሁለት ጊዜ በሩን አየ። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ ብድግ አለ። «ካሳሁን፣ መጣሁ፣ አሥር ደቂቃ» ብሎ ወጣ። ጫት ለመግዛት ወጥቶ በአሥር ደቂቃ የተመለሰ ሰው በዚህ ከተማ የለም።

ወንበሩ ባዶ ሆነ። ማይኩን ዝቅ አደረግሁ። ስክሪኑ ላይ ባላምባራስ ተወግቷል፣ ሐኪሙ ቦርሳውን ከፍቷል፣ አፉ እየተንቀሳቀሰ ነው። ካሳሁን ማቆሚያውን ተጫነ። ምስሉ ቆመ። ብርሃኑ ከኋላ፣ «ዳኛው ወጣ!» አለ።

«ሐሰንን እንጠብቀው?» አልኩት ካሳሁንን።

ካሳሁን ወደ በሩ አላየም። ባዶውን ወንበር በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ቀጥይ» አለ።

ከሣጥኑ ተነሥቼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ሳላሳጥር አነበብኩ። ባላምባራስ ሞተ። ሰው ሁሉ አልቦት ነበር፤ አጠር አድርጊው ያለኝ ግን አልነበረም።

በዚያ ቤት ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሠራሁ። ሌላም ጌም መጣ፣ ሌላም ሰው ጆይስቲክ ያዘ። ብርሃኑ አሁን ናጋድ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ይሠራል አሉ፤ ሰላምታ አንለዋወጥም። ካሳሁን መንዳት አቁሟል።

ይህን ሥራ ለያዛችሁ፣ በስልክም ሆነ በማይክ ለምትተረጉሙ የምለው ይኸው ነው። «ሲዲው ተበላሽቷል፣ ይህን ክፍል አላየሁትም» ማለት አምስት ቃል ነው። ክሊሙ ሳይጠፋም ይነገራል። እኔ አልተናገርኩትም። ያላያችሁትን አላየሁም በሉ።